ስጦታ በዘጠነኛው ዙር

ሩፊኖ ቦርኬስ ስንት ጊዜ ከቡድን እንደተባረረ ሲጠየቅ "አሥራ አንድ" ይላል። ሚስቱ ኦፌሊያ ግን ታርመዋለች፤ "አሥራ ሁለት ነው። ያቺን አራት ቀን የተጫወትክባትን ረስተህ ነው።" በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ በሜክሲኮ ምድር ከሶኖራ በረሃ እስከ ዩካታን ጫካ ድረስ ኳስ ያልወረወረበትን ከተማ መቁጠር ይቀላል። አንድ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካኖቹ ትልቅ ሊግ ደጃፍ ላይ አንድ ወቅት ቆሞ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ውስጡን አሳየውና ተመልሶ ተዘጋ። ስለዚያ ብዙም አያወራም። ቤዝቦል እንዲህ ነው፤ አሥሩ ስሙ በጋዜጣ እንዲወጣ መቶው ሻንጣ ተሸክሞ ይዞራል። ሩፊኖ ከመቶዎቹ አንዱ ነው። የቡድን ጓደኞቹማ ስሙን ትተው "ሻንጣው" ነው የሚሉት። እሱም አይከፋውም፣ ሲጠሩት "አቤት" ይላል።

ክንዱ ድሮ ጉድ ነበር ይባላል። አሁን በሠላሳ ሰባት ዓመቱ የሚኖረው በብልሃት ነው፤ ቀስ ያለውን ፈጣን አስመስሎ፣ ፈጣኑን ደብቆ፣ መቺውን እያሞኘ። ወጣቶቹ "ይሄ ሽማግሌ ኳሱን በፖስታ ነው የሚልከው" እያሉ ይቀልዱበታል፤ ዱላቸውን ይዘው ፊቱ ሲቆሙ ግን አየር ይመታሉ።

ዘንድሮ ያለው ኤል ካሪሳል በምትባል የበረሃ ከተማ፣ ጊንጦች በሚባል ቡድን ውስጥ ነው። ቡድኑ ታላቅ አይደለም፣ ከተማዋም እንደዚያው። ነገር ግን ኦፌሊያ ግቢ ያለው ቤት አገኘች። በዚያ ላይ ልጃቸው ሚሬያ፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ ሰባት ትምህርት ቤት ያዳረሰችው ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛ ይዛ ቤት መጣች። የዚያን ቀን ማታ ሚሬያ እናቷን ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ "እማ፣ ልደቴ መስከረም ላይ ነው ብዬ ልንገራት? ወይስ መስከረም ላይ እዚህ አንኖርም?"

ኦፌሊያ አሥራ ሁለት ጊዜ ዕቃ ስታስር አንድ ቃል ያልተናገረች ሴት ናት። የልጇ ጥያቄ ግን አንጀቷን በላው። ባሏ ራቱን እስኪጨርስ ጠብቃ ፊቱ ተቀመጠች።

"ስማኝ ሩፊኖ፣ አልቆጣህም፣ አልጣላህም። እዚህ ካባረሩህ ግን አንተ ወደ ጠሩህ ሂድ። እኔና ልጅቷ ከዚህ አንነቃነቅም።"

"ብቻዬን?"

"ብቻህን። በወር አንድ ጊዜ ትመጣለህ።"

ሩፊኖ ቶርቲያውን፣ ያን ስስ የስንዴ ቂጣ፣ ጠቅልሎ እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። እውነቷን እንደሆነ ያውቃል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በእያንዳንዱ ኳስ የሚወረውረው ቤቱን ነበር።

እንዲህ እያለ ሰኔ ገባ። ሩፊኖ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከዋና ከተማው አንድ አዲስ ወርዋሪ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብስ ነው፣ ክንዱ ደግሞ ገና አልተነካም። የቡድኑ ዝርዝር ሙሉ ነው፤ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሩፊኖ ለኦፌሊያ ምንም ሳይነግራት እሑድ ቀን የእሱ ተራ ደረሰና ወደ ሜዳ ሄደ።

የዕለቱ ባላጋራ ፑዌርቶ ሴኮ ነው። ፑዌርቶ ሴኮ ደግሞ ኪሪኖ የሚጫወትበት ቡድን ነው፤ ኪሪኖ ሚሬያን ክርስትና ያነሳ፣ ከሩፊኖ ጋር በሦስት ቡድን አንድ ክፍል የተኛ፣ ማንኮራፋቱ ግድግዳ የሚያናውጥ ሰው። ጨዋታው ሳይጀመር አጥሩ ጋ ተገናኙ።

"አበልጄ፣ ወፍረሃል" አለው ኪሪኖ።

"አንተ ደግሞ ጸጉርህ የት ሄደ? ረስተኸው መጣህ?"

"ቤት ትቼው ነው፣ ነገ እደርስበታለሁ።" ኪሪኖ ሳቀና ሳቁን አቋረጠ። "የምሬን ነው። ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ወንድሜ የበረዶ ፋብሪካ አለው፣ ነገ ሥራ እጀምራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ለመምታት ቆሜ አንድም አልመታሁም፣ ከዚህ በላይ ሰው ፊት መቆም ያሳፍራል።"

"ዛሬ ያስገቡሃል?"

"ለስንብት አንዴ ካስገቡኝ ነው።"

"ብትገባ ጉልበትህን ነው የምልህ" አለው ሩፊኖ። ኪሪኖም ሰደበው፣ ተቃቅፈው ተለያዩ። ሩፊኖ ወርዋሪው ወደሚቆምበት ጉብታ እያሰበ ሄደ። ኪሪኖስ እሺ፣ የበረዶ ፋብሪካ ያለው ወንድም አለው። እሱ ግን ከመወርወር ሌላ ምን ያውቃል?

በዚያ የቀትር ፀሐይ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ ከወንበር ሥር ተሸጉጧል። ሩፊኖ መወርወር ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ሦስቱንም መቺዎች አስወጣ። በሁለተኛው ዙር አንዱ አጥብቆ መታውና ኳሱ መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛው ማረፊያ ጠባቂ ሄደ፤ ነጠረና ደረቱን ብሎት ወደ ጎን ሸሸ። መቺው ሮጦ ሳይያዝ አንደኛው ማረፊያ ደረሰ። "ምት ነው" አለ ሩፊኖ በልቡ። በጠባቂው አልፈረደበትም፣ ክፉ ኳስ ነበር። ከዚያ ረሳው።

ምት ነው ወይስ የጠባቂው ስህተት የሚለውን የሚወስነው ግን ወርዋሪው አይደለም፤ ጠባቂው መያዝ የነበረበትን ኳስ ለቆ ከሆነ ስህተት ይባላል፣ በወርዋሪው ላይም ምት አይቆጠርም። ላይ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ መዝጋቢ አለ፤ በኤል ካሪሳል መዝጋቢው የከተማው መድኃኒት ቀማሚ ነው። መነጽሩን አስተካክሎ "ስህተት" ብሎ ጻፈ። በድምፅ ማጉያም ተነግሯል፤ ሆኖም ያኔ ተመልካች መሃል ያለው የጥሩምባ ጓድ ሰማይ ምድሩን እያናወጠ ስለነበር ጉብታው ላይ ያለ ሰው አይሰማም። ሰሌዳው ላይ እንዳያይ ደግሞ፣ የምት ቁጥር የሚያሳየው አምፑል ከተቃጠለ ወር አልፎታል፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ማንም አልቀየረውም።

አምስተኛው ዙር ካለቀ በኋላ ሩፊኖ ተጫዋቾች ተራቸውን ወደሚጠብቁበት ዳስ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረው ልጅ ጫማውን የሚያስር መስሎ ብድግ አለና ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ተቀመጠ። ሩፊኖ የሱፍ ፍሬ ዘግኖ ለሌላው ዘረጋለት። ልጁ እጁንም ፊቱንም ሳያይ "ጥርሴን አሞኛል" አለ። ዕቃ ጠባቂው ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎለት "አይዞህ ሻንጣው" የሚለው፣ ፎጣውን ወንበር ላይ ጥሎ ሸሸ። ይባስ ብሎ ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚቀበልለት ዊቾ ዝም አለ። ዊቾ ማለት በቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የሚነግር ሰው ነው። ዊቾ ዝም ካለ ነገር አለ።

ሩፊኖ የሚያውቀው ዝምታ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ አይቶታል። አንድ ሰው ሊባረር ወረቀቱ ሲዘጋጅ ወሬው ከባለቤቱ በፊት ዳሱን ያዳርሳል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ያን ጊዜ ማንም አያናግረውም፣ ማንም ዓይኑን አያየውም። ክፋት አይደለም። መባረር እንደ ጉንፋን የሚተላለፍ ይመስላቸዋል፣ ደግሞም ምን ይበሉት? ሩፊኖ ራሱ በሌሎች ላይ ስንቴ አድርጎታል፤ ጫማውን ስንቴ አስሯል።

"አለቀ" አለ በልቡ። "በጨዋታ መሃል ደረሰ ማለት ነው ወረቀቱ።" ከሁሉ አስቀድሞ የታየው ኦፌሊያ የተከራየችው ቤት ግቢ ነው። ቀጥሎ አውቶቡሱ ታየው፣ ብቻውን።

እዚህ ላይ ሩፊኖ የማያውቀውን ልንገራችሁ፣ አለዚያ እሱን ብቻ ሳይሆን እናንተንም መበደል ነው። በዚህ ሥራ ሰው የሚገለልበት ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ዙር ነው፣ በየዙሩ ሦስት ሰው ይወጣል። ሃያ ሰባቱንም አስወጥቶ አንድም ምት ሳይመታበት የጨረሰ ወርዋሪ ስሙ አይጠፋም፤ አብዛኛው ወርዋሪ ይህን ሳያይ ነው የሚሞተው። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር ስሙን መጥራት ነውር ነው። ወርዋሪውን ማናገር፣ አጠገቡ መቀመጥ፣ ዓይኑን ማየት ሁሉ ሟርት ነው። እና ሩፊኖ ቦርኬስ ያን ቀን፣ በአሥራ ስድስት ዓመት የወርዋሪነት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድም ምት አልተመታበትም። ዳሱ በሙሉ ትንፋሹን የያዘው ለእሱ ስለሳሳለት ነበር። እሱ ግን የቀብሩ ዝምታ መሰለው።

አስገራሚው ነገር፣ ተስፋ ሲቆርጥ ክንዱ ቀለለው። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው ዙር እንደ ውሃ ፈሰሰ። የሚያስደስተው አለቃ የለም፣ የሚፈራው ነገር የለም፤ የወረወረው ሁሉ የፈለገበት ገባ። ጊንጦቹም ስድስት ለባዶ ይመሩ ነበር። ከስምንተኛው ዙር በኋላ በክብር ልሂድ ብሎ ወደ አሠልጣኙ ወደ ዶን ኤራስሞ ሄደ። ዶን ኤራስሞ ሲያዩት ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ዶን ኤራስሞ፣ አውቃለሁ" አለ።

"ምንም አታውቅም! ዞር በል ከዚህ!"

"ግድ የለም፣ አይጨነቁ። ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ አይቻለሁ።"

"በማርያም ይዤሃለሁ፣ አፍህን ዝጋ!"

"ለሚስቴ እኔው ራሴ ብነግራት ብዬ ነው..."

"ለማንም! ለማንም እንዳትናገር! ሂድ ተቀመጥ!" ዶን ኤራስሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ በጣታቸው ሲያማትቡም አያቸው።

ሩፊኖ አዘነ። ሃምሳ ጊዜ ሰው ያሰናበቱ ሽማግሌ፣ ለእሱ ሲሆን ፊቱን ማየት አቃታቸው። "ይወዱኛል ማለት ነው" ብሎ ትንሽ ተጽናና፤ ከዚያ ወደ ዘጠነኛው ዙር ወጣ።

ገና ወደ ጉብታው ሲራመድ ተመልካቹ በሙሉ ብድግ አለ። ሦስት ሺህ ሰው ቆሞ ያጨበጭብለታል። "ወሬው ከተማውንም አዳርሷል" አለ በልቡ። ሰዎቹ ይህን ያህል ይወዱኝ ነበር እንዴ? ኦፌሊያ የምትቀመጥበትን አየ። ቆማ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ሚሬያ ወገቧ ላይ ተጠምጥማለች። ሰምተዋል ማለት ነው። እሱ ሳይነግራቸው ከሰው አፍ ሰሙት። እንደዚያች ደቂቃ ያለ ኀዘን ሩፊኖ አያውቅም።

የመጀመሪያውን መቺ አስወጣ። ሁለተኛውንም አስወጣ። አንድ ሰው ቀረው። የፑዌርቶ ሴኮ አሠልጣኝ ተራ የደረሰውን ልጅ አስቁሞ ኪሪኖን ጠራ።

ኪሪኖ ዱላውን ይዞ ከዳሱ ሲወጣ አሮጌ ጉልበቱ ይንቋቋ ነበር። ሩፊኖ አየው፤ ወዳጁን አየ፣ ራሱንም አየ። በዚህ ሥራ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ አንድ አዛውንት ለዘለዓለም ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ጨዋታውም ያለቀለት ከሆነ፣ አንድ ኳስ ቀስ አድርገህ መሃል ለመሃል ትልክለታለህ። መትቶ ይሄዳል። ያየ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። ስድስት ለባዶ ነው፣ አንድ ምት ቀድሞ ተመትቷል፣ ሁለት ቢሆን ምን ይጎዳል? ዛሬ ሁለታችንም ተባራሪ ነን፣ አንዳችን እንኳ ደስ ብሎት ይሂድ። እንዲህ ብሎ ሕፃን የሚመታትን ኳስ ላከለት።

ኪሪኖ አልተነቃነቀም። ዳኛው "አንድ!" ብሎ እጁን አነሳ። ሦስቴ ከተባለ ኪሪኖ ይወጣል። ኪሪኖ ኳሷን ሳይሆን ሩፊኖን ነበር የሚያየው፣ ዓይኑ ፈጦ።

ዊቾ እየሮጠ ወደ ጉብታው መጣ፤ ጭንብሉን አወለቀና ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ።

"ሻንጣው፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"ሥራዬን።"

"እሱ እኮ... እኔ እኮ... አይ! ጠማማዋን ኳስ ወርውር፣ በእናትህ!" አለና ማልቀስ ቃጥቶት ተመልሶ ሮጠ።

ሩፊኖ ሁለተኛውንም እንደ መጀመሪያው ላከው። ኪሪኖ አሁንም አሳለፋት። "ሁለት!"

ይህን ጊዜ ሩፊኖ ተናደደ። ሰው ስጦታ ሲሰጡት እንዲህ ይገፋል? ከጉብታው ወርዶ ጮኸበት፤ "ምታ እንጂ! ምን ይገትርሃል?"

"አበልጄ፣ አብደሃል እንዴ?" አለው ኪሪኖ።

"ከእኔ ነው፣ ተቀበለኝ! በሚሬያ ሞት!"

ክርስትና ባነሳት ልጅ ሲለምኑት ኪሪኖ ምን ይበል? ዱላውን ከፍ አደረገ። ላለመምታት የወሰነ ይመስላል፣ በኋላም እንዲያ ብሎ ይምላል። ግን ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አይሰማም። ሦስተኛዋ ኳስ ቀስ ብላ መሃል ለመሃል ስትመጣለት እጁ ተነሳ፣ ኳሷም ከጠባቂዎቹ ራስ በላይ አልፋ ሣሩ ላይ አረፈች።

ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ "ወይኔ!" አለ። የሦስተኛው ማረፊያ ጠባቂ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ኪሪኖ አንደኛው ማረፊያ ላይ ቆሞ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። በዚያ ሁሉ ሜዳ ፈገግ ያለው ሩፊኖ ብቻ ነበር።

ዊቾ ጭንብሉን ወርውሮ መጣ፣ አሁንስ እንባው ወርዷል። "ምን አደረግሁህ? ምን አደረግንህ?"

"ምነው? ለአበልጄ አንድ ምት ብሰጠው! ሁለት ምት ቢሆን ምን አለበት?"

"ሁለት? ሌላው የቱ ነው?"

"ያ የሁለተኛው ዙር..."

"እሱማ ስህተት ተብሎ ተጻፈ! ምት አልተመታብህም ነበር እኮ! እስካሁን አንድም! አንድም!"

ሩፊኖ ዊቾን አየ። ወደ ዳሱ አየ፤ ሃያ ሰው ሐዘንተኛ ሆኖ ቆሟል። አንድ በአንድ ነገሩ ተገለጠለት፤ ጫማ አሳሪው፣ ጥርሱን ያመመው፣ ፎጣው።

"ለዚህ ነው እንዴ የማታናግሩኝ?"

"ታዲያ ለምን መሰለህ?"

ዶን ኤራስሞ እያነከሱ ጉብታው ጋ ደረሱ። ሩፊኖ እጃቸውን ጭብጥ አድርጎ ያዘ።

"ዶን ኤራስሞ፣ አልተባረርኩም?"

"ምን?"

"አዲሱ ልጅ... በእኔ ቦታ አይደለም?"

"በወርዋሪው በፔራልታ ቦታ ነው! ትንሽ አሞት የቀረ መሰላችሁ እንጂ ትከሻው ተቀዶ ሆስፒታል ነው። አንተን ማን ይነካሃል? በአሥራ ስድስት ዓመት አንዴ የሚመጣውን ነገር በእጅህ ጥለህ፣ አሁን ነው ይሄን የምትጠይቀኝ?"

ሩፊኖ እጃቸውን ለቀቀ። ጉብታው ላይ ተቀመጠና ሳቀ፣ እየሳቀም አለቀሰ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ዊቾ "አበደ" ብሎ አቀፈው። ተመልካቹ ለጠፋበት ክብር የሚያለቅስ መስሎት እንደገና ቆሞ አጨበጨበለት። አልቆጨውም ብል እዋሻለሁ፤ ቆየት ብሎ፣ በክረምቱ፣ ቁጭት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ያን ጊዜ ግን የለም። ዳኛው "አንድ ሰው ይቀርሃል እኮ" አለው፤ ሩፊኖም ተነስቶ አቧራውን አራገፈና ቀጣዩን በሦስት ኳስ አስወጣው።

ጨዋታው እንዳለቀ ማንንም ሳይጨብጥ ወደ አጥሩ ሮጠ። ኦፌሊያ ከሽቦው ወዲያ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሚሬያ ፊቷን በእናቷ ቀሚስ ደብቃለች።

"ምነው ሩፊኖ፣ ምነው ሰጠኸው?" አለችው። "ያንተ ነበረች እኮ። አንድ ቀን እንኳ ያንተ የሆነ ነገር ቢኖርህ ምን ነበር?"

ሩፊኖ ጣቶቹን በሽቦው አሾልኮ ጣቶቿን ያዘ። ትንፋሹ ገና አልተመለሰለትም።

"ኦፌሊያ፣ አንሄድም" አላት።

ግራ ገብቷት አየችው። "የት ነው የማንሄደው?"

"የትም።"